94 ነጥብ ያገኘው ወይን ከጣና ዳር ጠረጴዛ ለምን ተመለሰ?

በ2017 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ፣ ሠርግና መልስ በሚደራረብበት ሰሞን፣ በባሕር ዳር ጣና ዳር የሚገኝ አንድ ሆቴል ሦስት ካርቶን የፈረንሳይ ቀይ ወይን አስገባ። ወይኑ የቦርዶ ነው፤ ፍሬው እ.ኤ.አ. በ2022 የተለቀመ፣ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ገና ብዙ ያልቆየ። በምግብና መጠጥ ዝርዝሩ ላይ ከስሙ ጎን «94 ከ100» የሚል ቁጥር በደማቁ ታተመለት፤ ዋጋውም ከአገር ውስጥ ወይኖች በብዙ እጥፍ በለጠ። እንግዶች ቁጥሩን አይተው አዘዙት። ብዙዎቹ አንድ ብርጭቆ ሳይጨርሱ ተዉት። አንዳንዱ «ተበላሽቷል» ብሎ መለሰው፤ አንዳንዱ ኮካ ኮላ አስመጥቶ ቀላቀለበት፤ አንድ የመልስ ጠረጴዛ ደግሞ ሁለት የተከፈቱ ጠርሙሶችን እንዳሉ ትቶ ወደ ጠጅ ተሻገረ።

የሆቴሉ የመስተንግዶ ኃላፊ የደረሰበት ድምዳሜ አጭር ነበር፦ «ሕዝባችን ወይን አያውቅም።»

የሆቴልና ሬስቶራንት ሠራተኞችን ማሠልጠን ሥራዬ ስለሆነ ኃላፊው የጠራኝ አስተናጋጆቹን «ስለ ወይን እንዳስተምርለት» ነው። ነገሩን ስመረምረው ግን ችግሩ ከእንግዶቹም ከአስተናጋጆቹም ምላስ ላይ አልነበረም። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር በሌሎች ቤቶችም እንደሚደርስ ስለማውቅና ያ ድምዳሜ በጣም ስለሚያሳዝነኝ ነው። ሆቴሉን፣ አስመጪውንና የወይኑን አምራች በስም አልጠራም።

ወይኑና የተወለደበት ዓመት

ቦርዶ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ጋሮንና ዶርዶኝ የተባሉት ወንዞች ተገናኝተው ዢሮንድ የሚባለውን ሰፊ የወንዝ አፍ በሚፈጥሩበት አካባቢ ያለ የወይን አገር ነው። የዚያ አገር ቀይ ወይን ብዙውን ጊዜ ከአንድ የፍሬ ዓይነት ብቻ አይሠራም። ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎ፣ ካበርኔ ፍራን፣ ፔቲ ቬርዶና ማልቤክ እንደየቦታውና እንደየዓመቱ ይቀላቀላሉ። ቅልቅሉ ለጣዕም ሲባል ብቻ የመጣ አይደለም፤ ገበሬው ከአየሩ ጠባይ የሚጠበቅበት መላ ጭምር ነው። ሜርሎ ቀድሞ ይበስላል፤ ካበርኔ ሶቪኞን ይዘገያል። የጸደይ ውርጭ ወይም የመከር ሰሞን ዝናብ አንዱን ሲጎዳ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። ከዢሮንድ በስተግራ ያለው የሜዶክ ጠጠራማ መሬት ለካበርኔ ይስማማል፤ በስተቀኝ ባሉት በሴንት ኤሚሊዮንና በፖምሮል ደግሞ ሸክላማው አፈር ለሜርሎ ይመቻል። ካበርኔ ለወይኑ አጥንት ይሰጠዋል፣ ሜርሎ ሥጋ ያለብሰዋል፤ ፔቲ ቬርዶ በጥቂቱ ሲገባ ቀለሙን ያጠቁራል፣ ጥንካሬውንም ይጨምራል።

የባሕር ዳሩ ወይን ከሜዶክ ነው። ካበርኔ ሶቪኞን ይበዛበታል፤ ቀሪው ሜርሎ ሲሆን ጥቂት ፔቲ ቬርዶ ገብቶበታል። የአልኮል መጠኑ 14 በመቶ እንደሆነ መለያው ላይ ተጽፏል።

እ.ኤ.አ. 2022 በቦርዶ ብርቱ የሙቀትና የድርቅ ዓመት ነበር። በሐምሌ ወር በዚያው በዢሮንድ አውራጃ፣ ላ ቴስት ደ ቡሽና ላንዲራ በተባሉ ቦታዎች ግዙፍ የደን ቃጠሎ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። ወይኑ ግን ከተፈራው በላይ ድርቁን ተቋቋመው። ፍሬው አነስተኛ፣ ቆዳውም ወፍራም ሆነ። ይህ ለጉዳያችን ዋና ነጥብ ነው። የቀይ ወይን ቀለምም ሆነ አፍ የሚያደርቀው ታኒን የሚባለው ነገር በአብዛኛው የሚገኘው ከፍሬው ቆዳና ከዘሩ ነው፤ አዲስ የኦክ በርሜልም የራሱን ይጨምርበታል። ትንሽ ፍሬ ማለት ለጥቂት ጭማቂ ብዙ ቆዳ ማለት ነው። ስለዚህ የ2022 ብዙ ወይኖች ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያሉና በታኒን የተሞሉ ሆነው ወጡ። የዓለም የወይን ሐያስያን፣ ማለትም ወይን ቀምሰው ነጥብ የሚሰጡ ባለሙያዎች፣ ዓመቱን በእጅጉ አወደሱት።

ታኒን ምራቅ ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች ይይዛቸዋል፤ ምራቁ ማለስለሱን ሲያቆም ምላስና ድድ ሻካራ ይሆናሉ። ጊዜ ሲያልፍ ታኒኖቹ እርስ በርሳቸውና ከቀለሙ ጋር ይያያዛሉ፤ ከፊሉ ዝቃጭ ሆኖ ጠርሙሱ ሥር ይወርዳል። ሐምራዊው ቀለም ወደ ሸክላ ይጠጋል፣ አፍ ላይ ያለው ሻካራነትም ይረግባል። ይህ በወራት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ጠንካራ የሜዶክ ወይን አሥር ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። የባሕር ዳር እንግዶች የቀረበላቸው ከለቀማው ሦስት ዓመት እንኳን ያልሞላው ልጅ ወይን ነው።

94 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

ኃላፊውን የቁጥሩን ምንጭ ስጠይቀው ከአስመጪው ጋር የመጣውን በራሪ ወረቀት ከመሳቢያ አወጣ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 94 አልነበረም፤ «92–94» ነበር። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ከበርሜል የተቀመሰ ናሙና» ይላል። ዝርዝሩን ያሳተመው ሰው ከሁለቱ ቁጥሮች ከፍተኛውን ብቻ ወስዶ ቀሪውን ትቶታል።

እንዲህ «ከዚህ እስከዚህ» ተብሎ በክልል የተጻፈ ነጥብ ምን እንደሆነ ለመረዳት የቦርዶን የንግድ ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። ፍሬው በመስከረም ገደማ ይለቀማል። በቀጣዩ ሚያዝያ፣ ወይኑ ገና በርሜል ውስጥ እያለ፣ ከመላው ዓለም የሚመጡ ነጋዴዎችና ሐያስያን ወደ ቦርዶ ይጎርፋሉ፤ በአጭር ቀናት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ይቀምሳሉ። ያኔ ወይኑ የስድስትና የሰባት ወር ዕድሜ አለው። የመጨረሻው ቅልቅል በአንዳንድ ቤት ገና አልተወሰነም፤ በርሜሉም ሥራውን አልጨረሰም። ነጥቡ ከወጣ በኋላ አምራቾቹ ዋጋ ያወጣሉ፤ ወይኑም ጠርሙስ ውስጥ ከመግባቱ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ይሸጣል። ሐያሲው እርግጠኛ መሆን ስለማይችል አንድ ቁጥር አይጽፍም፤ ክልል ይጽፋል። ወይኑ ጠርሙስ ከገባ በኋላ ደግሞ ቀምሶ አንዱን ቁጥር ይቆርጣል።

ስለዚህ 92–94 ትንበያ ነው። ሐያሲው ያን ዕለት በምላሱ ላይ የነበረውን ደስታ አልለካም፤ ያ ጥሬ ነገር ወደፊት ምን ሊሆን እንደሚችል ገመተ እንጂ። በራሪ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ሳነበው የሐያሲው አስተያየት ራሱ ይህንኑ ይናገር ነበር። ወይኑ ጥቅጥቅ ያለና ለጊዜው የተዘጋ እንደሆነ፣ ታኒኑ ብርቱ እንደሆነ፣ የበርሜሉ ጠረን ገና ፍሬውን እንደሸፈነው ይገልጻል። ሊጠጣበት የሚገባውንም ጊዜ አስቀምጧል፤ እ.ኤ.አ. ከ2030 ጀምሮ።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ለእኔ የተገለጠው። እንግዶቹ «አፍ ያደርቃል»፣ «ይመራል»፣ «እንጨት እንጨት ይላል» ብለው ነበር፤ አስተናጋጆቹ የነገሩኝ በእነዚሁ ቃላት ነው። ሐያሲው በሜዶክ፣ እንግዶቹ በጣና ዳር፣ ስለ አንድ ወይን አንድ ነገር ተናግረዋል። ሐያሲው የተናገረውን ዝርዝሩ ላይ የቀረው ቁጥር ዋጠው፤ እንግዶቹ የተናገሩትን ደግሞ ሆቴሉ አለማወቅ ነው ብሎ ጣለው።

ሐያስያንም በልጅ ወይን ላይ አይስማሙም

ኃላፊው በቀላሉ አላመነም። «እኛ ከታወቀ ሐያሲ እንበልጣለን?» አለኝ። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ቁጥር በዓለም ገበያ ላይ ያለው ኃይል ቀላል አይደለም። ያን ኃይል ከማንም በላይ ያሳደገው አሜሪካዊው ሮበርት ፓርከር ነው። ሕግ ያጠና ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የራሱን የወይን ጋዜጣ ጀምሮ ከ50 እስከ 100 የሚሄደውን መለኪያ በዓለም አስፋፋው። ስሙ የገነነው የ1982 የቦርዶ ወይኖችን ገና በርሜል ውስጥ ሳሉ አጥብቆ በማወደሱ ነው። በዚያን ጊዜ ሌሎች ሐያስያን ወይኖቹ ከመጠን በላይ የለሰለሱ ናቸው፣ ብዙ አይቆዩም ብለው ተጠራጥረው ነበር። ጊዜ የፓርከርን ግምት ደገፈ።

ሌላው ምሳሌ ከዚህም ይልቅ ይነካል። በአውሮፓ ገዳይ ሙቀት በነበረበት እ.ኤ.አ. በ2003 የተሠራውን የሴንት ኤሚሊዮኑን ሻቶ ፓቪ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የጸደይ ወቅት ከበርሜል የቀመሱት ሁለት ታላላቅ ሰዎች ፈጽሞ ተቃረኑ። ፓርከር ከዓመቱ ድንቅ ወይኖች አንዱ አድርጎ ቆጠረው። እንግሊዛዊቷ ጃንሲስ ሮቢንሰን ግን በራሷ የ20 ነጥብ መለኪያ 12 ብቻ ሰጠችው፤ ፍሬው ከመጠን በላይ የበሰለ፣ ቦርዶን ሳይሆን የፖርቹጋሉን ጣፋጭ ፖርት የሚያስታውስ ነው አለች። ክርክሩ የወይን ዓለምን ለሁለት ከፈለው፤ እስከ ዛሬም ይነሣል። ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን በወይን ላይ የኖሩ ናቸው፤ የተለያዩት በችሎታ አይደለም። አንድ ልጅ ወይን ምን መሆን እንዳለበት ያላቸው እምነት ይለያያል፤ እምነታቸውም ቁጥሩ ውስጥ ገብቷል።

ይህን ለኃላፊው ስነግረው ዝም ብሎ አሰበና «እንግዲያውስ እንቅመሰው» አለ።

በረንዳው ላይ የተደረገው ቅምሻ

ከቀትር በኋላ፣ ምሳ ካለቀ በኋላ፣ በሐይቁ በኩል ባለው በረንዳ ላይ ተቀመጥን። አስተናጋጆቹ፣ የቡና ቤቱ ሠራተኛ፣ ዋናው ምግብ አብሳይ፣ ወይኑን የመለሱ ሁለት ቋሚ ደንበኞችና ለሆቴሉ ጠጅ የሚጥሉ አንድ እናት ነበሩ። እኚህ እናት ሊመጡ የቻሉት ከአስተናጋጆቹ አንዷ «እትዬም ይቅመሱ እንጂ፤ ከእርሳቸው በላይ መጠጥ ማን ያውቃል?» ስላለች ነው። ልክ ነበረች።

ከመቀመጣችን በፊት ወይኑ የሚቀመጥበትን ቦታ አየሁ። ጠርሙሶቹ ቆመው፣ ከቡና ማፍያው ማሽን በላይ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ መብራት በርቶባቸው ተደርድረው ነበር። ቴርሞሜትሩ 28 ዲግሪ አሳየ። የቡና ቤቱን ሠራተኛ ለምን እንዲህ እንዳስቀመጠው ስጠይቀው በራሪውን ወረቀት ጠቀሰልኝ፤ «በክፍል ሙቀት ይቅረብ» ይላል። ልጁ የተባለውን በትክክል ፈጽሟል። ምክሩ የተጻፈው ግን ለቀዝቃዛ የድንጋይ ቤቶች ነው፤ እነርሱ «ክፍል» ሲሉ 16 ወይም 18 ዲግሪ በልቡናቸው አለ። የባሕር ዳር የሚያዝያና የግንቦት ቀን ወደ 30 ይጠጋል። በ28 ዲግሪ የቀረበ 14 በመቶ አልኮል ያለው ወይን አፍንጫን ይመታል፤ ፍሬው ከአልኮሉ ጀርባ ይደበቃል። በማቀዝቀዣ ውስጥ የዋለ ከሆነ ደግሞ ቅዝቃዜው ታኒኑን የባሰ ያሻክረዋል። ሆቴሉ ሁለቱንም አድርጓል፤ አንዳንድ አስተናጋጆች እንግዳ ሲያማርር ጠርሙሱን ወደ ማቀዝቀዣ ይከቱት ነበር።

መጀመሪያ ልክ ለእንግዳ እንደሚቀርበው፣ ከመደርደሪያው ወርዶ ወዲያው ተከፍቶ ተቀዳ። ሁሉም ፊታቸውን አጠቆሩ። ከደንበኞቹ አንዱ፣ በሥራቸው ነጋዴ የሆኑት፣ «ይኸው ያ ነው» አሉ።

ሁለተኛው ያው ወይን ነው፤ ነገር ግን ጠርሙሱ ወደ ሃያ ደቂቃ ያህል በረዶና ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ቆይቶ ወደ 17 ዲግሪ ገደማ ወርዷል። ሦስተኛው ከሁለት ሰዓት በፊት ተከፍቶ በሰፊ የመስታወት ጆግ ተገልብጦ ነበር፤ እርሱም እንደ ሁለተኛው ቀዝቅዟል። አስተናጋጆቹ በብርሌ ሊገለብጡት ነበር። ብርሌ አንገቱ ድረስ ሲሞላ ወይኑ አየር የሚያገኝበት ገጽ አንድ ጣት አይሞላም፤ ስለዚህ ጆጉን መረጥን። ልዩነቱ በግልጽ ታየ። የጥቁር ፍሬ ጠረን ወጣ፣ የእንጨቱ ጠረን ወደ ኋላ አለ። ታኒኑ ግን አልጠፋም። ሁለት ሰዓት አየር አሥር ዓመት ሊሆን አይችልም፤ ጠረኑን ይከፍታል እንጂ የታኒኑን ባሕርይ አይለውጥም።

ነጋዴው ሦስተኛውን ቀምሰው «ይሻላል» አሉ። አስተናጋጇ ተከትላ «ጋሼ፣ አሁን ቢመጣልዎ ይጠጡታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። «እጠጣዋለሁ፤ በዚህ ዋጋ ግን አልገዛውም» ብለው መለሱ። ይህን መልስ ከማንኛውም ነጥብ አብልጬ አከበርኩት።

የጠጅ ጣይዋ እናት ዝም ብለው ሦስቱንም ቀመሱ። ከዚያ የመጀመሪያውን ደግመው አፋቸው ውስጥ ያዙት። ነጥብ ስጡ ሲባሉ እምቢ አሉ። ያሉት እንዲህ ነው፦ «ጌሾ እንደበዛበት ጠጅ ነው። ግን ቀጭን አይደለም። ቀጭን ሆኖ የሚመር ይደፋል፤ ወፍሮ የሚመር ይቆያል። ማን ቸኩሎ አወጣው?»

በሜዶክ በርሜል ፊት የቆመ ሐያሲ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ዛሬ ደስ ማለቱንና ነገ መድረስ መቻሉን ለያይቶ መመዘን። መራራነት ብቻውን መጥፎ ምልክት አይደለም፤ የሚሸከመው ፍሬ ከኖረ ጊዜ ይገራዋል። እኚህ እናት ቦርዶን በካርታ ላይ ላያገኙት ይችላሉ፤ ፍርዳቸው ግን በራሪ ወረቀቱ ላይ ካለው ፍርድ ጋር አንድ ነው። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት ለቅዳሴ ከዘቢብ የሚጠመቅ ወይን ለዘመናት ሲዘጋጅ በኖረበት፣ ማርና ጌሾን መጥኖ ጠጅ መጣል ከእናት ወደ ልጅ በሚወረስበት አገር፣ «ሕዝባችን አያውቅም» ማለት ምን ያህል ከእውነት የራቀ እንደሆነ ኃላፊው ያኔ ፊት ለፊት አየው።

ዓሣው

ከሁሉ የከበደው ችግር ግን የተገኘው ከማዕድ ቤቱ ነው። ምግብ አብሳዩ ወይኑ በብዛት ከምን ጋር እንደሚታዘዝ ሲጠየቅ «ከዓሣ ጋር ነዋ» አለ። ጣና ዳር የመጣ እንግዳ ሌላ ምን ይበላል? ቆሮሶ ተጠብሶ፣ አምባዛ በጉላሽ፣ ከጎኑ አዋዜና ሚጥሚጣ።

ለልጅ ካበርኔ ከዚህ የባሰ ጎረቤት ማግኘት ያስቸግራል። ቀይ ወይን ውስጥ ያለው ጥቂት ብረት ከዓሣ ስብ ጋር ሲገናኝ የዓሣውን ጠረን ያጎላል፣ አፍ ውስጥም ብረት ብረት የሚል ነገር ይተዋል። የሚጥሚጣው ማቃጠል ደግሞ የአልኮሉን ትኩሳትና የታኒኑን ሻካራነት ያባብሰዋል። እንግዳው ሦስቱን በአንድ ጉርሻ ያገኛቸዋል። «ተበላሽቷል» ቢል ማን ይፈርድበታል? በረንዳው ላይ አብሳዩ የተጠበሰ ቆሮሶ አቀረበና ከወይኑ ጋር ሞከርነው። ከሁለት ጉርሻ በላይ የቀጠለ አልነበረም።

ቀጥሎ ቅቤ የጠጣ፣ ሚጥሚጣው የቀለለ ለብለብ ክትፎ ከአይብ ጋር መጣ። እዚህ ላይ ወይኑ ራሱ ተለወጠ ማለት ይቻላል። ታኒኑ በምራቃችን ፈንታ የሥጋውንና የአይቡን ፕሮቲን ያዘ፤ ስቡ አፍን አለሰለሰ፤ ጨው መራራነቱን አስታገሰ። ካበርኔ ከቀይ ሥጋ ጋር ይሄዳል የሚለው የፈረንሳዮች ልማድ መሠረቱ ይህ ነው፤ ቅቤው የጎጃም ቢሆንም ሥራው ያው ነው። አብሳዩ የበግ ጎድን ጥብስም ሠራ፤ በሮዝመሪ ብቻ፣ ያለ አዋዜ። ሁለተኛው ደንበኛ፣ እስከዚያ ድረስ ምንም ያልተናገሩት፣ ብርጭቋቸውን ዘርግተው ድገሙኝ አሉ።

ውሳኔውና የተከተለው

ክርክር የተነሣው በቁጥሩ ላይ ነው። ማቀዝቀዝ፣ በጆግ መገልበጥ፣ ከክትፎና ከጎድን ጋር ማቅረብ ኃላፊው ወዲያው የተቀበላቸው ናቸው። ቁጥሩን ከዝርዝሩ ማውጣትን ግን አልፈለገም። «ያን ዋጋ የሚያስከፍለኝ 94 ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ በቦርዶም ቢሆን አምራቾች ዋጋ የሚያወጡት ነጥብ ጠብቀው ነው። የእኔ ክርክር ሌላ ነበር። ቁጥሩ ለሰብሳቢ፣ ወይኑን ገዝቶ ለዓመታት ለሚያስቀምጥ ሰው የተጻፈ ነው። ዛሬ ማታ ከሠርግ ጓደኞቹ ጋር ለተቀመጠ ሰው ያ ቁጥር ያልተፈጸመ ቃል ኪዳን ነው። የተመለሱት ጠርሙሶች ኪሳራም የቁጥሩ ነው። ውጭ አገር ጎብኚ በቀነሰበትና ሆቴሉ በአገር ልጅ እንግዳ በሚኖርበት በዚህ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ የተከፋ ቋሚ ደንበኛን መልሶ ማግኘት ቀላል አይደለም።

በመጨረሻ ቁጥሩ ወጣ። በቦታው እንዲህ ተጻፈ፦ «ከሜዶክ፣ ቦርዶ፤ ገና ልጅ የሆነ፣ ጠንካራና አፍ የሚይዝ ቀይ ወይን። ከክትፎና ከጎድን ጥብስ ጋር ይስማማል፤ ከዓሣ ጋር አይመከርም። ሁለት ሰዓት ቀድመው ይዘዙልን።»

ሽያጩ ቀነሰ። ይህን መደበቅ አይገባም። በስሙና በቁጥሩ የሚያዝዝ ሰው ከእንግዲህ አያዝዘውም፤ ሁለት ሰዓት ቀድሞ የሚያዝዝ እንግዳም ጥቂት ነው። የሚመለስ ጠርሙስ ግን ቀረ ማለት ይቻላል። የሚያዝዙት በአብዛኛው የምሳ ግብዣ አስቀድመው የሚያዘጋጁ ናቸው፤ ጠርሙሱ ጠዋት ይነሣላቸዋል። አንድ ጠረጴዛ ይህ ሁሉ ተደርጎ «ለእኛ አይሆንም» ብሎ አካሺያ አዘዘ፤ አስተናጋጇም ያለ ክርክር ቀየረችላቸው። ከዝዋይ ማሳ የሚመጡት ሪፍት ቫሊና አካሺያ፣ ቆየት ያለው ጉደርም ጭምር፣ ለብዙ ጠረጴዛ ከዚህ ወይን የተሻለ መልስ እንደሆኑ አምናለሁ። የአገር ወይን ያዘዘን እንግዳ ዝቅ አድርጎ ማየት የመስተንግዶ ሥራን አለማወቅ ነው።

አንድ ካርቶን ሳይሸጥ እንዲቆይ ተወሰነ። ከደረጃው ሥር መስኮት የሌለው፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ዕቃ ቤት አለ፤ በቀን ከ20 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ለወይን ማቆያ ከሚመረጠው 13 ዲግሪ አካባቢ በላይ ስለሆነ ወይኑ እዚያ ፈጥኖ ያረጃል። ነገር ግን ሙቀቱ የተረጋጋ ነው፤ ከቡና ማሽኑ በላይ ካለው መደርደሪያ ጋር አይወዳደርም። ጠርሙሶቹ ቡሹ እንዳይደርቅ ተጋድመዋል። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ አንዱ ተከፍቶ እንዲቀመስ፣ ሲደርስም ዝርዝሩ ላይ እንዲመለስ ተስማምተናል። ሙቀቱን በማሰብ 2030 ድረስ መጠበቅ አስፈላጊ አይመስለኝም።

ለቀጣዩ ግዢ ኃላፊው አስመጪውን የሚጠይቀው ተለውጧል። ነጥቡ ስንት ነው ከማለቱ በፊት መቼ ተሰጠ፣ ከበርሜል ነው ወይስ ከጠርሙስ፣ ሐያሲው ከስንት ዓመት ጀምሮ ጠጡት ይላል ብሎ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ የደረሰበት ወይን የ2021 ቦርዶ ነው፤ ሜርሎ የሚበዛበት፣ ከወንዙ በስተቀኝ። 2021 በሚያዝያ ውርጭ፣ በዝናብና በሻጋታ የተፈተነ ቀዝቃዛ ዓመት ነበር። ሐያስያን ከ2022 ዝቅ ያለ ነጥብ ሰጡት፤ ወይኖቹ ቀለል ያሉ፣ አልኮላቸው ያነሰ፣ ቀድመው የሚጠጡ ናቸው። ዋጋውም ከመጀመሪያው ያንሳል። እኚያ ነጋዴ ደንበኛ ከጎድን ጥብስ ጋር ቀምሰውት ለልጃቸው መልስ ሁለት ካርቶን አዘዋል።